በኖርዌይ ባሕር ሥር ያለው ጫካ

ዛሬ ሩቅ አገር እንጓዛለን። አገሩ ኖርዌይ ይባላል። በአውሮፓ ሰሜን ጫፍ ያለ ብርዳም አገር ነው። የምናየው ግን የአገሩን ተራራ ወይም ከተማውን አይደለም። ባሕሩን ነው፤ ያውም ከባሕሩ በታች ያለውን መሬት። እዚያ፣ ጨለማና ብርድ ውስጥ፣ ጫካ አለ። ጫካ ስንል ዛፍ የበቀለበት እንዳይመስላችሁ። ዛፍ የሚመስለው ነገር እንስሳ ነው። ስሙም ኮራል ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የምንጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ የደረስነው ትሮንድሄም ከሚባል ከተማ ነው። ከተማው ባሕር ዳር ነው። ባሕሩ ግን ሰፊ አይመስልም፤ በማዶ በኩል ተራራ ይታያል። ሐይቅ ነው ብንል ማንም አይፈርድብንም። ቀምሰን ስናየው ግን ጨው ነው። እንዲህ ያለው ውሃ ፊዮርድ ይባላል። ፊዮርድ ማለት በተራሮች መካከል ወደ የብስ ዘልቆ የገባ የባሕር ክንድ ማለት ነው። የትሮንድሄም ፊዮርድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ጥልቅ በሆነው ቦታ ከ600 ሜትር በላይ ወደ ታች ይወርዳል። ይህን ሸለቆ በጥንት ዘመን የቆፈረው በረዶ ነው። ክረምት ከበጋ የማይቀልጥ፣ እጅግ ወፍራም በረዶ ምድሩን ሸፍኖት ነበር። በረዶው ቀስ እያለ ሲንሸራተት ድንጋዩን ፈቀፈቀው። በኋላ በረዶው ቀለጠ፤ ባሕርም ገባበት።

ከትሮንድሄም በመኪና ተነሣንና ፊዮርዱን እየዞርን ፍሮስታ ወደሚባል ገጠር ሄድን። ከዚያም በባሕር ላይ የተሠራ መንገድ ይዘን ታውትራ ወደምትባል ደሴት ተሻገርን። ታውትራ ትንሽ ደሴት ናት። እርሻ አለባት። በ1207 የተመሠረተ ገዳም ፍርስራሽ አለባት። ወፉማ አይነሣ! የባሕር ወፍ የሚወድ ሰው ቀኑን ሙሉ ቢቀመጥባት አይሰለችም። እኛ ግን የመጣነው ከላይ ለማይታየው ነገር ነው።

ከደሴቲቱ አጠገብ፣ ከውሃው ሥር፣ ረጅም ጉብታ አለ። ጉብታው በወዲያና በወዲህ ያለውን ጥልቅ ውሃ ይለየዋል። የቤት ደፍ ታውቁ የለም? ልክ እንደዚያ ነው። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ሲሞላ ውሃው በደፉ ላይ አልፎ ወደ ውስጥ ይገባል። ሲጎድል በዚያው ይመለሳል። ደፉ ላይ መንገዱ ስለሚጠብ ውሃው ይፈጥናል። ኮራሉ የበቀለው ታዲያ እዚህ ደፍ ላይ ነው። ከውሃው ፊት እስከ ኮራሉ ድረስ 39 ሜትር ነው። በዓለም ላይ ከታወቁት የቀዝቃዛ ውሃ ኮራል ክምሮች ሁሉ ለውሃው ፊት የቀረበው ይህ ነው። ከሌሎቹ አብዛኞቹ በብዙ መቶ ሜትር ጥልቀት ላይ ናቸው።

ለምን ከዚያ በላይ አይበቅልም? በፊዮርዱ ላይኛው ክፍል ከወንዝ የሚመጣ ውሃ ይቀላቀላል። ኮራል ደግሞ ጨው ይወዳል። ጨው የበዛበት ውሃ ስለሚከብድ ከታች ይተኛል። በዚያ ላይ የታችኛው ውሃ ጠባዩ አይለዋወጥም። ከላይ በረዶ ጣለ፣ ፀሐይ ወጣ፣ ከታች ያለው ደንታ የለውም። ይህ ዓይነት ኮራል የሚኖረው ሙቀቱ ከ4 እስከ 12 ዲግሪ በሆነ ውሃ ውስጥ ነው። እጃችንን ብንነክርበት ወዲያው የሚያደነዝዝ ውሃ ማለት ነው።

አሁን ኮራሉን ራሱን እንየው።

ቀይ ባሕርን ያየ ሰው ኮራል ያውቃል። ምጽዋ ላይ በኮራል ድንጋይ የተሠሩ አሮጌ ቤቶች አሉ። የዚያ ባሕር ኮራል ግን ሙቀትና ብርሃን ወዳድ ነው። በሥጋው ውስጥ በዓይን የማይታዩ፣ እንደ ተክል ያሉ ደቃቅ ነገሮች ይኖራሉ። እነሱ በፀሐይ ብርሃን ምግብ ይሠራሉ፤ ለባለቤቱም ያካፍሉታል። የኖርዌዩ ኮራል እንዲህ ያለ ረዳት የለውም። ፀሐይም አይፈልግም። ታዲያ ምን ይበላል? ውሃው የሚያመጣለትን ነዋ።

አንዱ እንስሳ ፖሊፕ ይባላል። መጠኑ የጣት ጫፍ ያህል ነው። በአፉ ዙሪያ ቀጫጭን ክንዶች አሉት። ክንዶቹን ዘርግቶ ይጠብቃል። ጥቃቅን የባሕር ነፍሳት በውሃው ተገፍተው ሲያልፉ ይይዝና ወደ አፉ ይከታቸዋል። ሮጦ አያድንም፤ እግር የለውማ። ውሃው መሮጡን ቢያቆም ኮራሉ ይራባል። ጭቃ ቢከመርበት ደግሞ ይታፈናል። የታውትራው ደፍ የሚስማማው ለዚህ ነው። ፈጣኑ ውሃ ምግብ ያመጣል፤ ጭቃውንም ጠርጎ ይወስዳል።

ፖሊፑ ከባሕሩ ውሃ ውስጥ ኖራ የመሰለ ነገር ይሰበስብና እንደ ጽዋ ያለ ቤት ይሠራል። በጎኑ ሌላ ፖሊፕ ይበቅላል። እሱም የራሱን ቤት ይሠራል። እንዲህ እያለ ቤቱ ቅርንጫፍ ይሆናል፤ ቅርንጫፉ ቁጥቋጦ ይሆናል። መልኩ ነጭ ነው፤ አንዳንዱም ወደ ብርቱካን ያደላል። የሳይንስ ሰዎች ለብዙ ጊዜ ሎፌሊያ ሲሉት ኖሩ። በ2016 ዝምድናው እንደገና ተመርምሮ ዴስሞፊለም ከሚባሉት ጋር ተቆጠረ። ኖርዌጂያኖች ግን «የዓይን ኮራል» ይሉታል። እኛም ይሄኛውን ስም ወደነዋል፤ ፖሊፖቹ ከቅርንጫፉ ላይ ሆነው በእርግጥም የሚያዩ ይመስላሉ።

እድገቱ እጅግ ቀርፋፋ ነው። ቅርንጫፉ በደህና ዓመት 2.5 ሳንቲ ሜትር ቢጨምር ነው። ብዙ ጊዜ ከዚያም ያንሳል። የእጃችን ጥፍር እንኳ በዓመት ከዚህ ይበልጣል። እሱም ቢሆን ሁሉም አይቆይም። የሚቦረቡሩት አሉ፤ ይሰበራል፤ ይወድቃል። በወደቀው ላይ አዲሱ ይበቅላል። ስለዚህ በክምሩ ውስጥ ሕይወት ያለው ኮራል ከላይ ያለው ብቻ ነው። ከሥሩ የሞተ ቅርንጫፍ አለ። ከዚያ በታች ስብርባሪና ጭቃ አለ።

የሞተው ክፍል ባዶ ቤት እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም ከሕያው ይልቅ እንግዳ የሚበዛው በሞተው ቅርንጫፍ መካከል ነው። ስፖንጅ አለ፣ ሸርጣን አለ፣ ቀንድ አውጣ አለ፣ የባሕር ኮከብ አለ። በሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክ ባሉት እንዲህ ያሉ ክምሮች ውስጥ ከ1,300 የሚበልጡ የሕይወት ዓይነቶች ተገኝተዋል። ከነዚህ አንዱ ትል ነው። ትሉ በቅርንጫፎቹ መካከል እንደ ቱቦ ያለ መኖሪያ ይሠራል። ኮራሉ ደግሞ ቱቦውን በኖራው ይለብጠዋል። በዚህ ዓይነት የተለያዩት ቅርንጫፎች ይያያዛሉ፤ ክምሩም ይጠነክራል። ትሉ አንዳንዴ ከኮራሉ አፍ ምግብ ይሰርቃል። ቢሆንም ተቻችለው ይኖራሉ።

አሁን ከፊዮርዱ እንውጣ። ወደ ሰፊው ባሕር ነው የምንሄደው። ከትሮንድሄም በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ ከባሕሩ ዳር ርቆ፣ ሱላ የሚባል ረጅም ጉብታ አለ። እሱም ከውሃው ሥር ነው። ጥልቀቱ 300 ሜትር ያህል ነው። እዚያ የፀሐይ ብርሃን አይደርስም። ሰውም በዋና አይደርስበትም። የሚወርደው መብራትና ካሜራ የያዘ መኪና ነው፤ በመርከብ ላይ ያሉ ሰዎች በሽቦ ይነዱታል። ፊልሙን አየን። መጀመሪያ የሚታየው ጭቃ ነው። ቀጥሎ ጠጠር፣ ቀጥሎ ትልልቅ ድንጋይ። ከዚያ በድንገት ነጭ ቁጥቋጦ ከመብራቱ ፊት ይደቀናል። ቀይ ዓሦች በቅርንጫፉ መካከል ዝም ብለው ቆመዋል።

ድንጋዩ እንዴት እዚያ መጣ? ይህን ከማንም በላይ ገበሬ አንባቢያችን ይረዳዋል። የበረዶው ዘመን ሊያልቅ ሲል ከምድሩ በረዶ ላይ ትልልቅ ተራራ የሚያህሉ ቁራጮች እየተገመሱ ወደ ባሕር ወደቁ። ተንሳፍፈው ሲሄዱ ግርጌያቸው የባሕሩን ወለል ነካ። ነፋስና ውሃ ሲገፋቸውም ወለሉን አረሱት። ማረሻ ማለት ይህ ነው! ፈሩ ዛሬም አለ። ማረሻ ሲያልፍ ከሥር ያለው ድንጋይ ወጥቶ በፈሩ ዳርና ዳር ይከመር የለ? የባሕሩም ድንጋይ እንደዚያው በግራና በቀኝ ተከመረ። የኮራል ጫጩት በውሃ ላይ እየዋኘች ስትመጣ የምታርፍበት ጠንካራ ነገር ትፈልጋለች። ጭቃ አይይዛትም። በፈሩ ዳር ያለውን ድንጋይ አገኘችና ተጣበቀች። የሱላ ኮራሎች በብዛት የሚገኙት በዚህ የፈር ዳር ድንጋይ ላይ ነው።

ይህ የሆነው መቼ ነው? ሊቃውንት የሱላን ኮራል ዕድሜ መርምረው 8,500 ዓመት ያህል መሆኑን አግኝተዋል። ክምሩ 14 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ከፍታው በአንዳንድ ቦታ 35 ሜትር ይደርሳል። በዓመት ከጥፍር ያነሰ የሚያድግ ነገር እዚህ ደርሷል።

ይህን ኮራል መጀመሪያ ያወቁት ዓሣ አጥማጆች ናቸው። እነሱ በረጅም ገመድ ላይ ብዙ መንጠቆ አስረው እባሕሩ ወለል ላይ ያስተኛሉ። መንጠቆው አንዳንዴ በዓሣ ፈንታ የኮራል ቅርንጫፍ ይዞ ይወጣል። ትልቁን ቀይ ኮራል «የባሕር ዛፍ» ይሉታል። ሌላውን፣ ጥቃቅን ፍሬ የሚመስለውን፣ «የሩዝ ፍሬ ኮራል» ይሉታል። ዮሃን ኤርንስት ጉነሩስ የሚባሉ የትሮንድሄም ጳጳስ ነበሩ። ጳጳሱ ከመንፈሳዊ ሥራቸው ሌላ ተክልና የባሕር እንስሳ መመርመር ይወዱ ነበር። በ1768 ስለ ኖርዌይ ኮራሎች ጽፈዋል። ዛሬ የከተማው ዩኒቨርሲቲ የምርምር መርከብ በስማቸው ይጠራል። በ1944 ደግሞ ካርል ዶንስ የሚባሉ ሊቅ ኮራል የሚገኝባቸውን ቦታዎች ሰብስበው አሳተሙ። በ1982 በሰሜን ኖርዌይ ባሕር ዘይት የሚፈልጉ ሰዎች ያወረዱት ካሜራ ኮራሉን በቦታው እንዳለ አሳየ።

አጥማጆቹ ግን ካሜራ አላስፈለጋቸውም። ኮራል ካለ ዓሣ አለ፤ ይህን ከአባቶቻቸው ተምረዋል። በኋላ ሊቃውንት በመንጠቆ ሞክረው አረጋገጡት። ኡኤር የሚባለው ቀይ ዓሣ በኮራሉ አካባቢ ሲጠመድ የሚያዘው ከሌላ ቦታ እስከ 6 እጥፍ ሆነ። ላንገና ብሮስመ የሚባሉት ዓሦች ደግሞ ከ2 እስከ 3 እጥፍ ሆኑ። ዓሦቹም ትልልቅ ናቸው። እንግዲህ በዚያ አገር ባሕር ዳር ለሚኖር አጥማጅ የኮራሉ ቦታ እንደ ጥሩ ማሳ ነው። የልጆቹ እንጀራ ነው።

ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሌላ ዓይነት ጥመዳ ወደዚያ ጥልቅ ባሕር ገባ። ትልልቅ መርከቦች የባሕሩን ወለል እየጠረጉ የሚጎትቱት መረብ ነው። መረቡ አፉን የሚከፍቱለት ከባድ ብረቶች አሉት። ከግርጌው ድንጋይ እየዘለለ የሚያልፍበት መንኮራኩር አለው። ይህ መረብ በኮራል ላይ ሲያልፍ ምን እንደሚሆን ለማሰብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ሸክላ በሞላበት ገበያ መሐል በሬ እንደ መንዳት ነው። አጥማጆቹ የሚናገሩት ከዚህም ይብሳል። አንዳንዱ መርከብ መረቡ እንዳይቀደድበት አስቀድሞ በሰንሰለት ኮራሉን ያደቅቅ ነበር ይላሉ።

ባለ መንጠቆዎቹ አቤቱታ አሰሙ። ቦታችን ባዶ ሆነ፣ ዓሣው ቀነሰ አሉ። በዚህ ጊዜ የኖርዌይ የባሕር ምርምር ተቋም ካሜራ ይዞ ወረደ። በ1998 እና በ1999 የተነሣው ፊልም ያሳየው የተሰባበረ ቅርንጫፍ ነው። በስብርባሪው መካከል መረቡ የሄደበት መንገድ ይታያል። የተቆረጠ መረብም ተገኘ። በተቋሙ ሊቃውንት ግምት፣ በኖርዌይ ባሕር ካሉት የኮራል ክምሮች ከመቶ ከ30 እስከ 50 የሚሆኑት ተጎድተው ነበር። የ8,000 ዓመት ሥራ፣ መረብ አንድ ጊዜ ሲያልፍበት፣ እንዲያ ሆነ። ፊልሙ በቴሌቪዥን ታየ። ሕዝቡም ተቆጣ። እስከዚያ ቀን ድረስ ብዙው ኖርዌጂያዊ ኮራል በአገሩ ባሕር መኖሩን አያውቅም ነበር።

መንግሥት ፈጥኖ ሕግ አወጣ። ይህንን ማመስገን ይገባል። በመጋቢት 1999 ኮራልን ሆን ብሎ መስበር ተከለከለ። ኮራል ባለበት አጠገብ የሚያጠምድም እንዲጠነቀቅ ታዘዘ። ሱላም ወለል ለሚነካ ጎታች መረብ ተዘጋ። መንጠቆ ግን አልተከለከለም። ስለዚህ ባለ መንጠቆዎቹ በቦታቸው ቀሩ። የታውትራው ደፍ ደግሞ በ2013 የባሕር ጥብቅ ቦታ ሆነ።

ከሕጉ በኋላ ሌላ ነገር ተገኘ። በሰሜን በኩል፣ ከሮስት ደሴት በስተ ምዕራብ፣ በ2002 አንድ ምርምር ተደረገ። በ300 እና በ400 ሜትር ጥልቀት መካከል 40 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የኮራል ክምር ተገኘ። ስፋቱ እስከ 3 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። አንድ ሰው ከዳር እስከ ዳር በእግሩ ቢሄድ ቀኑን ሙሉ ይፈጅበታል። እንዲህ ያለ ትልቅ የቀዝቃዛ ውሃ ኮራል ክምር ከዚያ በፊት አልታወቀም ነበር። እዚህ ድንጋዩን ያወጣው የበረዶ ማረሻ አይደለም። ከ4,000 ዓመት ያህል በፊት የባሕሩ ወለል ጫፍ ተንዶ ወደ ጥልቁ ወርዶ ነበር። መሬት ሲናድ ገደልና ጉብታ ጥሎ ይሄዳል። ኮራሉ በዚያ ጉብታ ላይ ተሰለፈ። የሮስት ክምር በተገኘ በዓመቱ፣ በ2003፣ ለጎታች መረብ ተዘጋ። ሲዘጋ አብዛኛው ገና አልተነካም ነበር።

ቀድሞ መዝጋት ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማወቅ ባሕሩን ተሻግረን እስኮትላንድን እንመልከት። ከእስኮትላንድ በስተ ሰሜን ምዕራብ 1,000 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ብዙ ትንንሽ ጉብታዎች በ1998 ተገኝተዋል። በላያቸው ይኸው ኮራል ይበቅላል። የዳርዊን ጉብታዎች ይባላሉ። በ2003 ለጎታች መረብ ሲዘጉ በምሥራቅ በኩል ያሉት ክፉኛ ተሰባብረው ነበር። በምዕራብ በኩል ያሉት ግን ብዙ አልተነኩም። ከ8 ዓመት በኋላ፣ በ2011፣ ሊቃውንት ተመልሰው አዩ። በምዕራብ ያለው ኮራል በሕይወት ነበር። በምሥራቅ የተሰበረው ግን አላገገመም። አዲስ የተተከለ ኮራል አላገኙበትም።

መረብን በሕግ መከልከል ይቻላል። በሕግ የማይዘጋ ሌላ ነገር ግን እየመጣ ነው። ከፋብሪካና ከመኪና የሚወጣው ጢስ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባል አየር አለ። ከዚህ አየር አራት አንድ ያህሉን ባሕር ይጠጣዋል። ባሕሩ አብዝቶ በጠጣው ቁጥር ውሃው ወደ መኮምጠጥ ያዘነብላል። የሎሚ ጭማቂ ኖራ ላይ ጠብ ቢል ምን ይሆናል? ይፈላል፤ ይበላዋል። የባሕሩ ለውጥ የዚያን ያህል ኃይለኛ አይደለም። ጊዜ ግን አለው። በ2006 የወጣ የሊቃውንት ግምት አለ። ጢሱ በዚሁ ከቀጠለ፣ እስከ 2100 ድረስ ከታወቁት የቀዝቃዛ ውሃ ኮራል ቦታዎች ከመቶ 70 የሚሆኑት እንዲህ ባለ ኖራ በሚበላ ውሃ ውስጥ ይሆናሉ።

ሕያው ፖሊፕ ቤቱን በሥጋው ስለሚሸፍን ለጊዜው ይቋቋማል። የሞተው ቅርንጫፍ ግን የሚሸፍነው የለም። ክምሩን የተሸከመው ደግሞ እሱ ነው። ትሉም፣ ሸርጣኑም፣ ስፖንጁም ያሉት በእሱ ውስጥ ነው። ስለዚህ ውሃው መጀመሪያ የሚያገኘው ታችኛውን ነው። ከላይ ነጩ ቁጥቋጦ ክንዶቹን ዘርግቶ ምግቡን ሲጠብቅ፣ ከሥሩ ያለው ቅርንጫፍ እየሳሳና እየተቦረቦረ ይሄዳል።